የዓለት ጥልቀትና የአፈር ዓይነት በፎቅ ሕንፃ መሠረት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ፦ ለአዲ አርቃይና ለሰሜን ጎንደር ገንቢዎች የተዘጋጀ መረጃ

1. መግቢያ

ይህ ጽሑፍ በአዲ አርቃይ ከተማ፣ በወረዳው የገጠር ማዕከላትና በአጠቃላይ በሰሜን ጎንደር ደጋና ቆላ ባለ ፎቅ ሕንፃ ለመሥራት ያሰቡ ግለሰቦች፣ ማኅበራትና የንግድ ተቋማት ከቁፋሮ በፊት ሊያውቁት የሚገባውን ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ስለ ሕንፃ መሠረት የሚሰጥ ሙያዊ ውሳኔ የመሐንዲስ ነው። ገንቢው ግን መሐንዲሱን ምን መጠየቅ እንዳለበትና የሚቀርብለትን ሪፖርት እንዴት መረዳት እንደሚችል ማወቅ ይጠቅመዋል።

ከጎንደር ተነሥቶ ደባርቅን አልፎ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ አዲ አርቃይ የሚደርስ ሰው በግራና በቀኙ የሚያየው ገደልና ዓለት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ገንቢዎች አንድ ጥያቄ ያነሣሉ። መሬቱ ድንጋያማ ሆኖ ሳለና ጥቂት ሲቆፈር ዓለት እየተገኘ ለአፈር ምርመራ ገንዘብ ማውጣት ለምን ያስፈልጋል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። አጭሩ መልስ ግን ድንጋይ ማግኘትና ጽኑ ዓለት ማግኘት አንድ አይደሉም የሚል ነው። በተራራ ግርጌ ባለ መሬት በአንድ ቦታ ላይ ዓለቱ በ1 ሜትር ጥልቀት ሲገኝ፣ ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ በእጅጉ ሊጠልቅ ይችላል። ሕንፃን የሚጎዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ የመሬቱ ድካም ብቻ ሳይሆን ከአምድ አምድ የሚታየው የመሬቱ መለያየት ነው።

2. ሕንፃው መሬቱን ምን ያህል ይጫነዋል?

የመሠረት ሥራ ዓላማ የሕንፃውን ክብደት መሬቱ ሊሸከመው በሚችለው መጠን ማከፋፈል ነው። በኮንክሪት አምድ፣ ወራጅና ሶሌታ የሚሠራ የተለመደ ሕንፃ ከነግድግዳው፣ ከነዕቃውና ከነነዋሪው ለእያንዳንዱ ወለል በካሬ ሜትር ከ1 እስከ 1.2 ቶን ገደማ ክብደት እንዳለው አድርጎ በግምት ማስላት ይቻላል።

በዚህ ስሌት አምዶቹ በ5 ሜትር ርቀት የቆሙለትን ጂ+4 ሕንፃ እንውሰድ። አንድ የመሐል አምድ በእያንዳንዱ ወለል 25 ካሬ ሜትር ይሸከማል። አምስት ወለል ሲሆን ወደ መሬት የሚያስተላልፈው ክብደት 150 ቶን ገደማ ይደርሳል። ሕንፃው ጂ+9 ከሆነ ይኸው አምድ 300 ቶን ያወርዳል። የአምዱ ፉቲንግ ስፋት የሚወሰነው ከሥሩ ባለው መሬት ነው፦

• መሬቱ በካሬ ሜትር 15 ቶን የሚሸከም ጠንካራ ሸክላ አፈር ከሆነ፣ ለጂ+4 ሕንፃ 10 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 3.2 ሜትር በ3.2 ሜትር የሆነ ፉቲንግ ያስፈልጋል። ለጂ+9 ሕንፃ ደግሞ 20 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 4.5 ሜትር በ4.5 ሜትር ይሆናል።
• መሬቱ በካሬ ሜትር 50 ቶን የሚሸከም በከፊል የተበላ ዓለት ከሆነ፣ ለጂ+4 ሕንፃ 3 ካሬ ሜትር፣ ለጂ+9 ሕንፃ 6 ካሬ ሜትር ይበቃል።
• መሬቱ በካሬ ሜትር 100 ቶን የሚሸከም ጽኑ ዓለት ከሆነ፣ ለጂ+4 ሕንፃ 1.5 ካሬ ሜትር፣ ለጂ+9 ሕንፃ 3 ካሬ ሜትር ይበቃል።

ቁጥሮቹ ለማስረጃ የቀረቡ እንጂ ለማንኛውም ቦታ የሚያገለግሉ የንድፍ መጠኖች አይደሉም። ሆኖም ሁለት ነገር ያሳያሉ። የመጀመሪያው፣ ያው አንድ ሕንፃ በአፈርና በዓለት ላይ ሲቆም የሚፈልገው የኮንክሪትና የፌሮ መጠን በብዙ እጥፍ እንደሚለያይ ነው። ሁለተኛው፣ አምዶቹ በ5 ሜትር ርቀት ላይ ሆነው ፉቲንጉ 4.5 ሜትር ሲደርስ ፉቲንጎቹ ሊነካኩ እንደሚቃረቡና ነጠላ ፉቲንግ ትርጉም እንደሚያጣ ነው። በዚያን ጊዜ መሐንዲሱ በሕንፃው ሥር ሁሉ የሚነጠፍ አንድ ወጥ መሠረት ወይም ወደ ጥልቅ መሬት የሚወርድ ፓይል እንዲሠራ ይወስናል።

3. የአካባቢው መሬት አፈጣጠር

የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ጀምሮ በተደጋጋሚ ከመሬት ውስጥ እየፈሰሰ በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተሠሩ ናቸው። ቅላጩ ሲቀዘቅዝ ባሳልት የሚባለው ጥቁር ዓለት ሆነ። በሊማሊሞ ገደል ላይ እንደ ደረጃ የሚታየው ንብብር የዚህ ድርርብ ውጤት ነው። ከዚያ በኋላ ወንዞችና ዝናም ተራራውን እየሸረሸሩ ጥልቅ ሸለቆዎችን አወጡ። የተሸረሸረው ድንጋይና አፈርም ወደ ግርጌው ተንከባሎ ተከማቸ። ከተራራው ወደ ተከዜ በሚወርደው መሬት ላይ በሚገኘው በአዲ አርቃይ ወረዳ የሚሠራ ገንቢ በአንድ ቦታ ላይ ከነባሩ ዓለት ጋር፣ በሌላ ቦታ ደግሞ ከላይ ተንከባሎ ከወረደ ክምችት ጋር ሊገናኝ የሚችለው ስለዚህ ነው።

ያልተበላ ባሳልት እጅግ ጠንካራ ነው። የመጨመቅ ጥንካሬው ከ100 ሜጋ ፓስካል በላይ ይደርሳል። ለፎቅ ሕንፃ በተለምዶ የምንጠቀምበት ሲ-25 ኮንክሪት ግን 25 ሜጋ ፓስካል ብቻ ነው። ስለሆነም ጽኑ ባሳልት በሕንፃ ክብደት ይደቃል የሚል ሥጋት የለም። መመርመር ያለበት ሌላ ነው። ዓለቱ ስንጥቅ አለበት ወይ? ሥሩ ምን አለ? በቦታው ሁሉ አንድ ወጥ ነው ወይ?

4. ዓለታማ በሚመስል መሬት ላይ የሚያጋጥሙ አራት ችግሮች

ሀ. ቋጥኝን ከዓለት ጋር ማምታታት። ባሳልት በአየርና በውኃ ሲበላ ስንጥቆቹን ተከትሎ ወደ አፈርነት ይለወጣል። በመካከሉ ያልተበሉ ክብ ክብ ቋጥኞች ይቀራሉ። ከተራራ የተንከባለለ ቋጥኝም እንዲሁ በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ሊገኝ ይችላል። ቆፋሪው ዶማው ድንጋይ ሲመታ ዓለት ደረስኩ ብሎ ሊያቆም ይችላል። ቋጥኙ ግን ለስላሳ አፈር ላይ የተቀመጠ ከሆነ አምዱ በጊዜ ብዛት አብሮት ይሰምጣል፤ ወይም ያጋድላል።

ለ. በዓለት ሥር ያለ ለስላሳ ንብብር። ቅላጩ የፈሰሰው በአንድ ጊዜ አይደለም። በሁለት ፍሰቶች መካከል ረጅም ዘመን ሲያልፍ የላይኛው ገጽ ወደ አፈርነት ተለውጦ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ለብሶ ቆይቷል። በኋላ የመጣው ቅላጭ ያንን ሸፍኖታል። በመንገድ ቁርጥ ላይ በጥቁር ዓለት መካከል ቀይ መስመር ሆኖ የሚታየው ይህ ነው። በ2 ሜትር ጥልቀት የተገኘ ጠንካራ ዓለት ውፍረቱ ትንሽ ቢሆንና ሥሩ እንዲህ ያለ ደካማ ንብብር ቢኖረው ለከባድ ሕንፃ አስተማማኝ አይሆንም። ይህንን በዓይን ማወቅ አይቻልም፤ ዓለቱን ሰርስሮ ማየት ያስፈልጋል።

ሐ. ግማሹ በዓለት፣ ግማሹ በአፈር ላይ የሚያርፍ ሕንፃ። በተዳፋት ላይ ቦታ ሲደለደል በላይኛው በኩል ተቆርጦ ዓለት ይወጣል፤ የወጣው አፈር ደግሞ በታችኛው በኩል ይሞላል። ሕንፃው በዚህ ላይ ሲቆም የላይኛው ወገን አይነቃነቅም፤ የታችኛው ይሰምጣል። በምሕንድስና ተሞክሮ በሁለት አጎራባች አምዶች መካከል ያለው የመስመጥ ልዩነት የርቀታቸው 1/300 ሲደርስ የክፍል ግድግዳዎች መሰንጠቅ ይጀምራሉ፤ 1/150 ሲደርስ የሕንፃው አካል ራሱ ሊጎዳ ይችላል። አምዶቹ በ5 ሜትር ርቀት ላይ ካሉ የመጀመሪያው 1.7 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 3.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሕንፃው በሙሉ እኩል ቢሰምጥ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር፤ የጣት ውፍረት የሚያህል ልዩነት ግን ግድግዳ ይሰነጥቃል።

መ. ተዳፋቱ ራሱ ሲንሸራተት። ዓለቱ ጽኑ ቢሆንም በላዩ ያለው የአፈር ክምችት በክረምት ውኃ ሲጠግብ ከዓለቱ ላይ ተንሸራቶ ሊወርድ ይችላል። በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. በዚሁ በሰሜን ጎንደር ዞን በጠለምት ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት የሰው ሕይወት አጥፍቷል፤ ብዙ ቤተሰቦችንም ከቀያቸው አፈናቅሏል። በተዳፋት ላይ የሚሠራ ገንቢ ከሕንፃው ሥር ያለውን መሬት ብቻ ሳይሆን ከሕንፃው በላይና በታች ያለውን ተዳፋትም ማስመርመር ይኖርበታል። የተዳፋቱን ግርጌ ቆርጦ ቦታ ማስፋት፣ የጎርፍ መውረጃን መዝጋትና የፍሳሽ ውኃን በተዳፋቱ ላይ መልቀቅ አደጋውን የሚያባብሱ ድርጊቶች ናቸው።

5. በአካባቢው የሚገኙ የአፈር ዓይነቶችና ባሕርያቸው

ዋልካ (ጥቁር አፈር)። በሸዋ መረሬ የሚባለው ነው። በሜዳማና ውኃ በሚተኛበት ቦታ ይገኛል፤ ከጎንደር በስተ ደቡብ ያለው የደምቢያ ሜዳ የታወቀ ምሳሌ ነው። ዋልካ በበጋ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ስንጥቁ ከ1 ሜትር በላይ ሊጠልቅ ይችላል። በዚህ አፈር ላይ በጥቂት ጥልቀት የተሠራ መሠረት በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ ባለ አንድ ወለል ቀላል ቤት ከከባድ ሕንፃ ይልቅ በእብጠቱ በቀላሉ የሚነሣ መሆኑን ነው። ስለዚህ ዋልካ ፎቅ ለማይሠራ ሰውም ጉዳዩ ነው። መፍትሔው እንደ ንብብሩ ውፍረት ይለያያል። ዋልካው ቀጭን ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ይወጣና መሠረቱ ከሥሩ ባለው ጠንካራ መሬት ላይ ያርፋል። ወፍራም ከሆነ የእርጥበት ለውጥ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች መውረድ፣ ወይም ዋልካውን እስከ ተወሰነ ጥልቀት አውጥቶ በሥራው ዓለም ሰሌክት በሚባለው የተመረጠ ሙሌት በንብርብር እየጠቀጠቁ መተካት ያስፈልጋል።

ቀይ አፈር። ባሳልት በጥሩ ሁኔታ ውኃ በሚያሳልፍ ተዳፋት ላይ ሲበላ የሚፈጠር ነው። ከዋልካ ያነሰ እብጠት ስላለው በአብዛኛው የተሻለ ነው። ሆኖም ቀይ መሆኑ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ውፍረቱና እርጥበቱ መለካት አለበት።

ደለል። በወንዝና በጅረት ዳር የሚከማች አሸዋ፣ ጠጠርና ጭቃ ነው። ንብብሩ በአጭር ርቀት ይለዋወጣል። የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ስለሚሆን ቁፋሮውን ያስቸግራል፤ ጎርፍም መሠረቱን ሊሸረሽር ይችላል።

ሙሌት። ሰው የደፋው አፈር፣ ፍርስራሽና ቆሻሻ ነው። ቀድሞ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ፣ የተደፈነ ቦይና የተደለደለ ቦታ በሙሉ በዚህ ይመደባል። ባልተጠቀጠቀ ሙሌት ላይ የማንኛውም ሕንፃ መሠረት መቀመጥ የለበትም። ቦታው ቀድሞ ምን እንደነበረ የአካባቢውን አረጋውያን መጠየቅ ከምርመራው ጋር ተያይዞ የሚጠቅም መረጃ ያስገኛል።

6. ጽኑ ዓለት ሩቅ ሲሆን

ዓለቱ ሩቅ መሆኑ ፎቅ መሥራትን አይከለክልም፤ የመሠረቱን ዓይነትና ወጪ ይለውጣል እንጂ። መሐንዲሱ ከሚከተሉት ይመርጣል፦

• ነጠላ ፉቲንግ፦ ጠንካራ መሬት ቅርብና ወጥ ሲሆን።
• ፉቲንጎችን የሚያያይዝ የመሠረት ወራጅ፦ የአምዶቹን የመስመጥ ልዩነት ለመቀነስና መሠረቱን አንድ ላይ ለማሰር።
• በሕንፃው ሥር ሁሉ የሚነጠፍ መሠረት፦ መሬቱ ደካማ ሆኖ ነጠላ ፉቲንጎች ሲሰፉ።
• ፓይል፦ ክብደቱን ደካማውን አፈር አሳልፎ ወደ ጥልቅ ጠንካራ መሬት ለማድረስ።

በዓለም ላይ እጅግ ረጅም የሆነው የዱባዩ ቡርጅ ከሊፋ 828 ሜትር ቁመት አለው። ከሥሩ ያለው ዓለት ደካማ በመሆኑ ከ40 ሜትር በላይ በሚወርዱ ከ190 በላይ ፓይሎችና በላያቸው በተነጠፈ 3.7 ሜትር ውፍረት ባለው ኮንክሪት ላይ ቆሟል። በኒው ዮርክ ማንሃተንም ረጃጅም ሕንፃዎች በከተማዋ መሐልና በደቡብ ጫፍ የተሰበሰቡት ዓለቱ እዚያ ቅርብ ስለሆነ ነው የሚል እምነት ለረጅም ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የምጣኔ ሀብት ጥናት ግን ዋናው ምክንያት የንግዱ ፍላጎት እንደሆነና የዓለቱ ጥልቀት የነበረው ድርሻ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። በቂ ገንዘብና ዕውቀት ካለ በጥልቅ አፈር ላይም መሥራት ይቻላል ማለት ነው።

ሆኖም መሬቱን አሳንሶ መገመት የሚያስከትለውን ዋጋ የሚያሳይ ምሳሌም አለ። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ባለ 58 ፎቅ ሚሌኒየም ታወር ፓይሎቹ ዓለቱ ዘንድ ሳይደርሱ በአሸዋ ንብብር ውስጥ እንዲቆሙ ተደርጎ ነበር። ሕንፃው ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ሰመጠ፤ አጋደለም። በመጨረሻም ሰዎች እየኖሩበት እስከ ዓለቱ የሚደርሱ ተጨማሪ ፓይሎችን መትከል ግድ ሆነ።

በሀገራችንም በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ቁመት አለው። በዚያው በአዲስ አበባ ግን ቦሌንና መካኒሳን በመሳሰሉ ወፍራም ጥቁር አፈር ባለባቸው ሰፈሮች ከዚህ ሕንፃ እጅግ ያነሱ ቤቶች ግድግዳቸውና አጥራቸው ተሰንጥቆ ይታያል። የሕንፃ ደህንነት በቁመት ሳይሆን መሠረቱ ለመሬቱ ተስማሚ በመሆኑ እንደሚወሰን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

7. የመሬት መንቀጥቀጥና የአፈር ንብብር

ለስላሳና ወፍራም አፈር የመሬት መንቀጥቀጥን ንውጽውጽታ ያጎላል፤ ጽኑ ዓለት ግን ያን ያህል አያጎላም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲን የጎዳው መንቀጥቀጥ መነሻው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር። ከፍተኛው ጉዳት የደረሰው በቀድሞ ሐይቅ ጭቃ ላይ በተሠራው የከተማዋ ክፍል ነው። በሀገራችንም በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ በማጀቴ ቤቶችን አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰተው ደግሞ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። የሰሜን ጎንደር አካባቢ ከስምጥ ሸለቆው ራቅ ያለ ቢሆንም የሕንፃ ንድፍ የመሬት መንቀጥቀጥን ታሳቢ ማድረግ አለበት። ለዚህም ንድፍ አውጪው የቦታው አፈር በየትኛው ምድብ እንደሚወድቅ ከምርመራ ሪፖርቱ ማግኘት ይኖርበታል።

8. የመሬት ምርመራ እንዴት ይካሄዳል?

በሀገራችን የመሠረት ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ሰባተኛ ክፍል፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ተከታታይ የኢትዮጵያ ስታንዳርድ ተመርቷል። ምርመራው በአጠቃላይ የሚከተሉት ደረጃዎች አሉት፦

8.1 የቦታ ጉብኝት፦ ባለሙያው ተዳፋቱን፣ የጎርፍ መውረጃውን፣ በአቅራቢያ ያሉ የመንገድ ቁርጦችንና የጎረቤት ቤቶችን ግድግዳ ይመለከታል።

8.2 የሙከራ ጉድጓድ፦ በእጅ ወይም በማሽን እስከ ጥቂት ሜትር ይቆፈራል። ዝቅተኛ ለሆነ ሕንፃና ጠንካራ መሬት ቅርብ ለሆነበት ቦታ ይጠቅማል። ማንም ሰው ባልተደገፈ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መግባት የለበትም።

8.3 የማሽን ቁፋሮ፦ ለፎቅ ሕንፃ በስታንዳርዱ የተለመደው የጉድጓዶች ርቀት ከ15 እስከ 40 ሜትር ነው። ጥልቀቱ ደግሞ ከፉቲንጉ ታች ቢያንስ 6 ሜትር ወይም የፉቲንጉን ጎን ሦስት እጥፍ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው፣ ነው። ጽኑ ዓለት ቀድሞ ከተገኘ ባለሙያው ጥልቀቱን ሊቀንስ ይችላል። ሆኖም ዓለቱ ቋጥኝ አለመሆኑንና ሥሩ ለስላሳ ንብብር አለመኖሩን እስኪያረጋግጥ ድረስ ወደ ዓለቱ ውስጥ መሰርሰር ይኖርበታል። ቦታው ተዳፋት ከሆነ ቢያንስ አንድ ጉድጓድ በላይኛው፣ አንድ በታችኛው ወገን እንዲሆን ገንቢው ይጠይቅ።

8.4 በጉድጓድ ውስጥ የሚደረግ የምት ሙከራ፦ 63.5 ኪሎ ግራም መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ ቱቦው 45 ሴንቲ ሜትር እስኪገባ ይመታል። ለመጨረሻው 30 ሴንቲ ሜትር ያስፈለገው የምት ብዛት ይመዘገባል። ቁጥሩ ሲያንስ አፈሩ ለስላሳ ወይም የላላ፣ ሲበዛ ጠንካራ መሆኑን ያመለክታል።

8.5 የዓለት ናሙና ጥራት፦ ከዓለቱ ተሰርስሮ የወጣው ናሙና በሣጥን ይደረደራል። 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ርዝመት ያላቸው ቁርጥራጮች ከተሰረሰረው ርዝመት በመቶኛ ይሰላሉ። ከ75 በመቶ በላይ ጥሩ፣ ከ25 በመቶ በታች እጅግ ደካማ ዓለት ይባላል። ገንቢው ሣጥኑን በዓይኑ እንዲያይና ፎቶግራፉ በሪፖርቱ እንዲካተት መጠየቅ ይችላል።

8.6 የላቦራቶሪ ምርመራ፦ የእርጥበት፣ የእብጠት፣ የጥንካሬና የመጨመቅ ባሕርይ ይለካል። ዋልካ ባለበት ቦታ የእብጠት ምርመራ መዘለል የለበትም።

8.7 የከርሰ ምድር ውኃ፦ በበጋ ደርቆ የተገኘ ጉድጓድ በክረምት ውኃ ሊይዝ ስለሚችል ሪፖርቱ ምርመራው የተካሄደበትን ወር መግለጽና የክረምቱን ሁኔታ ታሳቢ ማድረግ አለበት።

የጎረቤትን ሪፖርት ገልብጦ ማቅረብ ወይም የሌላ ቦታን ውጤት መጠቀም አይገባም። ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የአጥር ማዶ መሬት የተለየ ሊሆን ይችላል።

9. የሕግ መሠረት

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በምድብ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ከፍሏል። ከመሬት በላይ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሕንፃ፣ እንዲሁም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ፣ ፋብሪካና ወርክሾፕ በምድብ «ሐ» ተመድበዋል። ምድቡ ከፍ ባለ መጠን የሚቀርበው የንድፍ ሰነድና የቁጥጥሩ ጥብቅነት ይጨምራል። ገንቢው ማመልከቻ ከማቅረቡ በፊት ለሕንፃው ምድብ በወቅቱ የሚጠየቀውን የሰነድ ዝርዝር ከሕንፃ ሹም ጽሕፈት ቤት መውሰድ ይኖርበታል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ጊዜ አንሥቶ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል። ይህ ዋስትና በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን ሕንፃው በተሠራበት መሬት ባሕርይ ምክንያት የሚደርሰውንም ጉዳት ይጨምራል። መሬቱ መጥፎ ስለነበረ ነው የሚል ምክንያት ተቋራጩን ከኃላፊነት አያወጣውም ማለት ነው። ገንቢውም መብቱን ለማስከበር ውሉን፣ የምርመራ ሪፖርቱን፣ የመሠረት ንድፉንና የርክክብ ሰነዱን ጠብቆ ማቆየት አለበት።

10. ገንቢው ማከናወን የሚገባው

1. ቦታውን ከመግዛት ወይም ከመረከብ በፊት በበጋና በክረምት ተመልከቱ። ውኃ የሚተኛበትን፣ መሬቱ የሚሰነጠቅበትንና ዛፎች ያጋደሉበትን ቦታ ልብ በሉ።
2. የመሬት ምርመራውን የሕንፃው ንድፍ ከመጠናቀቁ በፊት፣ ፈቃድና ብቃት ላለው ድርጅት አሠሩ። ሪፖርቱ የጉድጓዶቹን ቦታ የሚያሳይ ካርታ፣ የንብብሮቹን ጥልቀት፣ የውኃውን ደረጃ፣ የሚመከረውን የመሠረት ዓይነትና መሬቱ የሚሸከመውን መጠን መያዙን አረጋግጡ።
3. የንድፍ መሐንዲሱ የተጠቀመበት የመሸከም መጠን በሪፖርቱ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ጠይቁ።
4. ወደፊት ፎቅ የመጨመር ሐሳብ ካለ ከመጀመሪያው አሳውቁ። ለጂ+1 የተሠራ መሠረት ጂ+4 እንዲሸከም ማድረግ እጅግ ከባድና ውድ ነው።
5. ቁፋሮው ሲጠናቀቅ ኮንክሪት ከመሙላት በፊት መሐንዲሱ እያንዳንዱን ጉድጓድ አይቶ በጽሑፍ እንዲያጸድቅ አድርጉ። በሪፖርቱ ያልተጠቀሰ ሙሌት፣ ለስላሳ አፈር ወይም ምንጭ ከታየ ሥራውን አቁማችሁ ለመሐንዲሱና ለሕንፃ ሹም አስታውቁ።
6. የመሠረት ቁፋሮን ከክረምት በፊት ለማጠናቀቅ ዕቅድ አውጡ። ጥልቅ ቁፋሮ የጎረቤትን ግድግዳ፣ መንገድንና ሠራተኛን ለአደጋ ስለሚያጋልጥ ግድግዳው በድጋፍ መያዝ አለበት። የወጣውንም አፈር ከጉድጓዱ አፋፍ አርቁ።
7. ሕንፃው ካለቀ በኋላ የጣራ ውኃ በአሸንዳና በቦይ ከመሠረቱ እንዲርቅ አድርጉ። የሚያፈስ የውኃ ቧንቧን ወዲያውኑ አስጠግኑ። በተለይ በዋልካ ላይ ዛፍ ከግድግዳ አጠገብ አትትከሉ።
8. ስንጥቅ ሲታይ ቀለም ቀብታችሁ አትለፉት። የታየበትን ቀን በግድግዳው ላይ ጻፉ፤ ስፋቱንም ለኩ። እየሰፋ ከሄደ ባለሙያ ጥሩ። በር ወይም መስኮት አልዘጋ ማለቱም ምልክት ነው።

11. ማጠቃለያ

በአዲ አርቃይ ዓለት ለዓይን ቅርብ ነው። ለሕንፃ መሠረት ግን የሚጠቅመው ጥልቀቱ፣ ውፍረቱና ወጥነቱ በምርመራ የተረጋገጠ ዓለት ነው። ዓለቱ ቅርብና ጽኑ ሆኖ ከተገኘ ምርመራው ገንቢውን ከማያስፈልግ የፌሮና የሲሚንቶ ወጪ ያድነዋል። ሩቅ ወይም የተዘበራረቀ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ንድፉን በወረቀት ላይ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጠዋል። ሕንፃው ከቆመ በኋላ መሠረቱን ማስተካከል እጅግ ከባድና ውድ ሥራ ነው።

በዚህ ጉዳይ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልጉ ተገልጋዮች የይዞታ ማረጋገጫቸውንና የቦታቸውን ፕላን ይዘው ግንባታው በሚካሄድበት ከተማ ወይም ወረዳ ወደሚገኘው የሕንፃ ሹም ጽሕፈት ቤት በመቅረብ መጠየቅ ይችላሉ።